ምዕራፍ አምስት፦ ከአሸንዳ እስከ ጣና

ጎርፍ በየከተማው ጠባዩ ይለያያል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ከተራራ የተንደረደረ ነበር፤ በጋውን አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚከርመው የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። የባሕር ዳር ጎርፍ እንዲህ አይንደረደርም፤ ይተኛል። ከሰዓት በኋላ የወረደው ዶፍ አመሻሹ ላይ ገና ከመንገዱ አልወጣም፤ በማግስቱም ከቦዩ አፍ፣ ከግቢው በር፣ ከአጥሩ ሥር አቁሮ ይገኛል። ግድግዳ ያርሳል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይሞላል፣ መንገድ ይበላል። ስለማያስደነግጥም መስከረም ሲጠባ ይረሳል፤ በቀጣዩ ሐምሌ ተመልሶ ሲመጣ እንደ አዲስ ይወራለታል። ይህ ምዕራፍ የሚከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፦ ከሐይቅ ጎን በተንጣለለ ሜዳ ላይ ያለ ከተማ የዝናቡን ውሃ በቦይ ብቻ አሸሽቶ አይዘልቀውም። ውሃው አስቀድሞ በወረደበት ግቢና ሰፈር ጥቂት መቆየት አለበት፤ የቦዩ ድርሻ ከዚያ የተረፈውን ቀስ ብሎ መውሰድ ነው። ይህን ለመሥራት የሚመቸው መጠን ደግሞ ሃያና ሠላሳ አባወራ በአንድ ፕላን የሚገነባበት የማኅበር ቤት ሰፈር ነው።

ነገሩ ከመሬቱ አቀማመጥ ይጀምራል። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው፤ ከተማዋም በአብዛኛው በ1,800 ሜትር አካባቢ ተንጣላለች። ቤዛዊትን የመሰለ ኮረብታ ላይ ያልወጣ ሰው ከተማውን ቁልቁል የሚያይበት ቦታ አያገኝም። ቦይ ደግሞ የሚሠራው በቁልቁለት ነው። በየ100 ሜትሩ 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲወርድ የታሰበ የ1 ኪሎ ሜትር ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ሜትር ከፍታ ይጠይቃል። ከሐይቁ በጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ላለ ሰፈር ያ 5 ሜትር ከየትም አይመጣም። ስለዚህ መሐንዲሱ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ቦዩን ወደ መጨረሻው እያጠለቀ መቆፈር ወይም ቁልቁለቱን መቀነስ። እያጠለቀ ከቆፈረ መውጫው ከሐይቁ ወለል በታች ይገባበታል። ቁልቁለቱን ከቀነሰ ውሃው ይዘገያል፤ የዘገየ ውሃም የተሸከመውን ጭቃ መንገድ ላይ ያራግፋል። ጭቃው የቦዩን ሆድ ሲሞላና ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ሲታከልበት፣ በፕላኑ ላይ የተጻፈው የቦዩ አቅም በሐምሌ ተፈልጎ አይገኝም። ቆሻሻ የሚጥለውን ሰው መውቀስ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሜዳ ቦይ ማንም ባይጥልበትም በደለል መሞላቱ አይቀርም።

ሐይቁም በበኩሉ በአንድ ከፍታ አይቆምም። ጣና እጅግ ዝቅ የሚለው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የደጋውን ዝናብ ሲያመጡለት እየሞላ ይሄድና በመስከረም ከፍታው ላይ ይደርሳል። በዝቅታውና በከፍታው መካከል ያለው ልዩነት በተለመደ ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በ1988 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ከሐይቁ ወደ አባይ የሚወጣውን ውሃ ይመጥናል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከሐይቁ ምዕራባዊ ወገን በዋሻ ውሃ ይወስዳል። ስለዚህ የሐይቁ ከፍታ ዛሬ በዝናብ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ የሰውም እጅ አለበት። ሆኖም በክረምት መሙላቱ፣ በበጋ መጉደሉ ያው ነው። ለከተማው ቦዮች የዚህ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ሰኔ ላይ ክፍት የነበረው መውጫ ነሐሴ ላይ ሐይቁ ራሱ ፊቱን ይዘጋበታል። ጠቅላላ ቁልቁለቱ ብዙ በሆነ ከተማ አንድ ሜትር ተኩል ከቁጥር አይገባም፤ ጠቅላላው ጥቂት ሜትር በሆነበት ግን ትልቅ ቅናሽ ነው። ቦዩ አቅሙን የሚያጣው ከሁሉ አብልጦ በሚፈለግበት ወር ነው።

በዚህ ላይ የዝናቡን መጠን እናስላ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከአምስት እጅ አራቱ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሐምሌ ብቻውን 400 ሚሊ ሜትር ያህል ይይዛል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ይህችን የያዘ ሰው የቀረውን በራሱ ሊያሰላው ይችላል። በ150 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ 90 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ የለበሰ ቤት አለ እንበል። 30 ሚሊ ሜትር የጣለ አንድ ዶፍ ከዚያ ጣሪያ ብቻ 2,700 ሊትር ያወርዳል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 135 ጀሪካን ነው። በዓመት ሲደመር 126,000 ሊትር ይሆናል። ቤቱ ከመሠራቱ በፊትም ያው ዝናብ በዚያው መሬት ላይ ይወርድ ነበር። ያኔ ግን ከፊሉ በሣሩ ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ በአፈሩ ይሰርጋል፣ ከፊሉ በትንንሽ ጎድጓዶች አቁሮ ይቆያል፤ የተረፈው እየተጎተተ ይሄዳል። ቆርቆሮው ምንም አያስቀርም፤ አሸንዳው ሰብስቦ በአንድ ቦታ ይደፋዋል፤ ሲሚንቶ የለበሰው ግቢ ሳያዘገይ ወደ በሩ ያደርሰዋል። ቤት መሥራት በዝናቡ ላይ አንዲት ጠብታ አልጨመረም። የለወጠው ውሃው ቦዩ ዘንድ የሚደርስበትን ሰዓትና በአንድ ጊዜ የሚደርሰውን ብዛት ነው።

መሐንዲሶች ይህን ለውጥ የሚለኩበት ስሌት ረጅም ዕድሜ አለው። አየርላንዳዊው ቶማስ ሙልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1851 ባቀረበው ጽሑፍ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬም በኢትዮጵያ መንገዶች የጎርፍ ማስወገጃ መመሪያ ውስጥ ለትንንሽ ተፋሰሶች ያገለግላል። ሦስት ነገሮች ይባዛሉ፦ የመሬቱ ስፋት፣ የዝናቡ ጥድፊያ፣ እና ከወረደው ዝናብ ስንት እጁ ወደ ፍሰት እንደሚለወጥ የሚያሳይ አኃዝ። ለቆርቆሮና ለአስፋልት ይህ አኃዝ ወደ 0.9 ይጠጋል፤ ሜዳ ላይ ላለ ሣር ከ0.3 ብዙም አይርቅም። 24 ቤቶች ያሉት አንድ የማኅበር ሰፈር ከመንገዱ ጋር ግማሽ ሄክታር ማለትም 5,000 ካሬ ሜትር ይይዛል እንበል። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚጥል ዝናብ፣ ቦታው ሣር ሳለ በሴኮንድ 25 ሊትር ያህል ይለቅ ነበር። ጣሪያው፣ ሲሚንቶውና መንገዱ ከተሠራ በኋላ አማካይ አኃዙ 0.8 ቢደርስ በሴኮንድ 67 ሊትር ይለቃል። ዝናቡ ለግማሽ ሰዓት ቢዘልቅ፣ ከበፊቱ በላይ የሚመጣው ትርፍ ውሃ 75 ሜትር ኩብ ነው። የምዕራፉ ክርክር በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህ 75 ሜትር ኩብ ዙሪያ ስለሆነ አንባቢ ይያዘው፤ ለአንድ ቤት ሲካፈል ከሦስት ሜትር ኩብ ብዙም አያልፍም።

አንድ ቤት ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ችግሩ ቤቱ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ባሕር ዳር ወደ ዘንዘልማም ወደ መሸንቲም እየሰፋች ነው፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይም ከወንዙ ማዶ ያለውን ምድር ለግንባታ ይበልጥ አቅርቦታል። የመኖሪያ ቤት ማኅበራት ቦታ ይረከባሉ፣ ይሸነሽናሉ፣ ያጥራሉ፣ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ሰፈር ውሃውን ወደ ጎን ያወጣና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የጣና ተፋሰስ ገበሬ ይህን ጠባይ በደንብ ያውቀዋል። በእርሻው ላይ የተኛውን ውሃ ለማስወጣት በማረሻ ሰያፍ ቦይ ያወጣል፤ ፈሰስ ይለዋል። ፈሰስ የራሱን ማሳ ያድናል፤ ነገር ግን ተጠራቅሞ የወረደው ውሃ ከታች ያለውን ባለማሳ አፈር ይቦረቡራል፣ በጊዜ ብዛትም ገደል ያወጣል፣ በላይኛውና በታችኛው ገበሬ መካከልም ጠብ ያነሳል። በከተማ የፈሰስ አቻው በገረጋንቲ ግቢን ከፍ ማድረግ ነው። አንዱ ባለቤት ግማሽ ሜትር ሞልቶ ከፍ ሲል ውሃው ወዳልሞላው ጎረቤት ይዞራል፤ ጎረቤትየውም በተራው ይሞላል፤ በመጨረሻ የሁሉም ግቢ ከፍ ብሎ መንገዱ ራሱ ቦይ ይሆናል። ሁሉም ገንዘቡን አውጥቷል፤ ውሃው ግን ከቦታ ቦታ ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም።

ከዚህ የሚከተለው ፕላን ሲነደፍ የሚጠየቀው ጥያቄ መለወጥ እንዳለበት ነው። የተለመደው ጥያቄ «ውሃውን በየት እናውጣው?» የሚል ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን «75ቱን ሜትር ኩብ የት እናቆየው?» መሆን ነበረበት። መልሱ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። የሰፈሩ የጋራ ሜዳ 15 በ25 ሜትር ቢሆንና ከዙሪያው መሬት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ቢል፣ ስሌቱ ልክ 75 ሜትር ኩብ ይመጣል። ከ5,000 ካሬ ሜትሩ ላይ የሚወስደው 7.5 በመቶ ነው። በጋውን ሙሉ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ድግስ ሲኖር ድንኳን ይተከልበታል፤ በክረምት ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ውሃ ይይዝና በጠባብ ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ይለቃል። ቁልፉ ያ ጠባብ ቱቦ ነው። ሜዳው ሞልቶ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ከላዩ ሲጫነው በሴኮንድ 25 ሊትር ገደማ የሚያሳልፍ ቀዳዳ፣ የአፉ ስፋት 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰ። የ24 ቤቶች ዝናብ በአንድ ስንዝር ቀዳዳ ሲወጣ ከታች ያለው ቦይ ሰፈሩ መሠራቱን እንኳ አያውቅም።

የጋራ ሜዳ ከሌለ ወይም ትንሽ ከሆነ ሸክሙ በየግቢው ይከፋፈላል። ከአሸንዳው ሥር የሚቀመጥ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ባዶ ሆኖ ከጠበቀ የአንድን ቤት ድርሻ ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ይይዛል። የአትክልቱ ቦታ ከመተላለፊያው በአንድ መዳፍ ዝቅ ብሎ ቢሠራ ውሃው ሸሽቶት መሄዱ ቀርቶ ወደ እሱ ይመጣል፤ ዛሬ በብዙ ግቢ አትክልቱ ከፍ ባለ መደብ ላይ በግንብ ታጥሮ ስለሚተከል ዝናቡ ያልፈዋል፣ በበጋ ደግሞ በቧንቧ ይጠጣል። የሰፈሩ መንገድ በኮብልስቶን ሲነጠፍ በድንጋዮቹ መካከል ሲሚንቶ ከማፍሰስ ይልቅ አሸዋ ቢሞላና ከሥሩ ጥሩ የጠጠር ንጣፍ ቢኖረው፣ ንጣፉ ራሱ ውሃ ያቆያል። ግቢውን ሁሉ ሲሚንቶ ከማልበስ መኪና የሚቆምበትንና ሰው የሚሄድበትን ብቻ ማልበስ ደግሞ ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ ነው፤ ሲሚንቶ ይቆጥባል። ከእነዚህ አንዱም ለብቻው አይበቃም፤ ሦስቱና አራቱ ሲደመሩ ግን በየቤቱ ሦስት ሜትር ኩብ ማቆየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከአፈሩ ይነሳል፤ የሚነሳውም በምክንያት ነው። የባሕር ዳር ዝቅተኛ ቦታዎች በብዛት ዋልካ ናቸው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያወጣል፤ ሲረጥብ ደግሞ ያብጥና ስንጥቁን ዘግቶ ውሃ አላስገባ ይላል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የሚወርድ ዝናብ በዋልካ ላይ ይሰርጋል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። ያበጠ ዋልካ ቤት ሳይሠራበትም ብዙ ውሃ ይለቅ ስለነበር፣ ለሣር የተጠቀምንበት 0.3 እዚያ ላይ ከእውነታው ያነሰ ግምት መሆኑ አይቀርም፤ የቤቶቹ ትርፍም በዚያው ልክ ያንሳል። ነገር ግን እዚህ የቀረበው ሐሳብ በማስረግ ላይ አልተመሠረተም። ማቆየት አንድ ነገር ነው፣ ማስረግ ሌላ። ሜዳው ወይም ሮቶው ውሃውን ለሰዓታት ይዞ በጠባብ ቀዳዳ ከለቀቀ፣ አንዲት ጠብታ ባትሰርግም ሥራውን ሠርቷል። ቀይ አፈርና የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ባለበት ሰፈር ደግሞ ማስረጉ ተጨማሪ ጥቅም ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጉልበት ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ በክረምት ውሃ መሙላትና በሰዓት ምን ያህል እንደጎደለ በሜትር መለካት ይበቃል፤ በበጋ የሚደረግ ሙከራ የዋልካውን ስንጥቅ እንጂ አፈሩን አይለካም።

አፈሩ ሌላም ጥንቃቄ ያስተምራል። ዋልካ በአንድ ጎን ሲረጥብ በሌላው ሲደርቅ መሠረቱን እኩል ስለማይሸከም ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ የአሸንዳ ውሃ ከቤቱ ጥግ ሥር መደፋት የለበትም፤ በቱቦ ከመሠረቱ ጥቂት ሜትር መራቅ አለበት። ከተማዋ ማዕከላዊ የፍሳሽ መስመር ስለሌላት እያንዳንዱ ግቢ የራሱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ አለው፤ በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ያላቸውም ብዙ ናቸው። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነበት የሐይቁ ዳርቻ በእነዚህ መካከል ማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈር የመጸዳጃውን ቆሻሻ ወደ መጠጡ መግፋት ይሆናል። እዚያ የሚመከረው ከመሬት በላይ ማቆየት ነው፦ ሮቶ፣ ዝቅ ያለ ሣር፣ ጥልቀት የሌለው ሰፊ መውረጃ። አንድ መድኃኒት ለሁሉም ሰፈር አይታዘዝም፤ ለሁሉም የሚታዘዘው የሚቆየው ውሃ መጠን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የወባ ትንኝ ነው። ባሕር ዳር ወባ የሚታወቅባት ከተማ ናት፤ «ውሃ አታቁሩ» ሲባል የኖረ ሰው አሁን «አቁሩ» ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። መልሱ ያለው በጊዜ ውስጥ ነው። ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋታል። በጥቂት ሰዓት፣ ቢበዛ በሁለት ቀን የሚደርቅ ሜዳ ለመራቢያ አይሆናትም። የምትራባው ዛሬ ባለው ሥርዓት ውስጥ ነው፦ በደለል በተሞላ ቦይ፣ ክዳኑ በተሰበረ ማንሆል፣ መንገድ ዳር ሳምንት በተኛ ኩሬ። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ሜዳው ወደ መውጫው የማያቋርጥ ጥቂት ቁልቁለት ይኑረው፤ ሮቶውም ክዳንና ወንፊት ይኑረው። በሁለት ቀን ያልደረቀ ሜዳ በትክክል አልተሠራም፤ መውጫው ተዘግቷል ወይም መሐሉ ሰጥሟል፤ መጠገን አለበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወጪ ነው። ቤቱን በብድርና በቁጠባ የሚያቆም የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ ላይ ሮቶና ቱቦ ጨምር ሲባል ቢያማርር እውነት አለው። ነገር ግን ንጽጽሩ ከምንም ጋር መሆን የለበትም፤ ውሃውን በሌላ መንገድ ከማስወጣት ጋር ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ በተባለው ካውንቲ፣ ሶመርሴት የተባለ የመኖሪያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲሠራ በየቤቱ ዝቅ ያለ የአትክልት ቦታ ተዘጋጅቶ የዝናቡ ውሃ ወደዚያ እንዲገባ ተደረገ። ወጪው 100,000 ዶላር ገደማ ሆነ፤ በተለመደው መንገድ ቢሠራ 400,000 ዶላር የሚጠጋ ይፈልግ ነበር፤ የዝናብ ፍሰቱም ከ75 እስከ 80 በመቶ እንደቀነሰ ተለካ። የሜሪላንድ ዋጋ ለባሕር ዳር አይሠራም፤ አመክንዮው ግን ይሠራል፤ በሜዳ ላይ ጥልቅ የኮንክሪት ቦይ ከመቆፈር ሜዳን በ20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ በየትኛውም አገር ይረክሳል። በገረጋንቲ ግቢ ለመሙላት የሚወጣው ገንዘብም ሂሳቡ ውስጥ ይግባ። ስለ ሮቶው ውሃ ጥቅም ግን ማጋነን አይገባም። ዝናቡ የሚበዛው አትክልት ውሃ በማይፈልግበት ወር ነው፤ 2,000 ሊትርም ከጥቅምት በኋላ ለብዙ ቀን አይዘልቅም። በክረምት ቧንቧ ሲጠፋ ለልብስና ለመጸዳጃ ይረዳል፤ የአባይ ልጅ ውሃ ጠማው የሚያሰኘውን ችግር ግን አይፈታም። ደግሞም ሞልቶ የተቀመጠ ሮቶ ለቀጣዩ ዶፍ ቦታ የለውም። ስለዚህ ከወገቡ ላይ ትንሽ መልቀቂያ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፦ የታችኛው ግማሽ ለቤት፣ የላይኛው ግማሽ ለጎርፍ።

አራተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፦ ማን ይጠብቀዋል? ቦይ የማዘጋጃ ቤት ነው፤ ቢዘጋም ተጠያቂው ይታወቃል። በ24 ግቢ የተበተነ ሥርዓት ግን አንዱ ባለቤት ሮቶውን ቢሸጥ፣ ሌላው አትክልቱን ሲሚንቶ ቢያለብስ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ስጋት እውነተኛ ስለሆነ ነው መጠኑ ግቢ ሳይሆን የማኅበር ሰፈር እንዲሆን የሚመከረው። የጋራ ሜዳ የማንም የግል ይዞታ አይደለም፤ በሰፈሩ ፕላን ላይ ተሥሎ የጸደቀ ስለሆነ ቤት ሊሠራበት ቢሞከር 24 ዓይን ያየዋል። ቁጥጥሩም ቀላል ነው። ፈቃድ ሰጪው ባለሙያ የእያንዳንዱን ግቢ አሸንዳ እየዞረ መቁጠር አይጠበቅበትም፤ የሰፈሩን አንድ መውጫ በሜትር ለክቶ ከተፈቀደው ስፋት አለመብለጡን ቢያይ ይበቃዋል። በብዙ አገሮች ለአዲስ ግንባታ የሚሠራበት ደንብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገባል፦ ከግንባታ በኋላ ከቦታው የሚወጣው ከፍተኛ ፍሰት ከግንባታ በፊት ከነበረው አይብለጥ። ይህ ደንብ ባለቤቱ በምን ዘዴ እንደሚያሟላው አይነግረውም፤ የሚያስገድደው ውጤቱን ነው። የሚጸናውም ፕላን በሚጸድቅበት ቀን እንጂ አጥር ከታጠረ በኋላ አይደለም፤ ከታጠረ በኋላ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ሜዳ አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ትልቁ ዝናብ ሲመጣስ? በነሐሴ መሬቱ ጠግቦ ሳለ ሁለት ሰዓት ሳያባራ የሚጥል ዝናብ 75 ሜትር ኩቡን ሞልቶ ያልፋል። ይህ መታወቅ አለበት፤ ማቆየት የዘወትሩን ዶፍ የሚመክት ዘዴ ነው፤ በብዙ ዓመት አንዴ የሚመጣውን ለብቻው አይመክትም። ለዚያ ቀን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። የቤቱ ወለል ከመንገዱ ከፍ ይበል፤ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃም የሚሄድበት ከአጥርና ከግንብ የጸዳ መንገድ በፕላኑ ላይ ይሠመር። ቦዩም አይቀርም። ልዩነቱ ቦዩ በየሳምንቱ ዶፍ ሲጨናነቅ ከመክረም ይልቅ ለክፉ ቀን ባዶ ሆኖ መጠበቁ ነው፤ በየሰፈሩ እንዲህ ቢሠራ፣ ነባሩ ቦይ ሳይሰፋ አዲሶቹን ሰፈሮች ሊሸከም ይችላል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ውሃው ብዛት ነው፤ ስለ ጥራቱም መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የባሕር ዳር ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም አባይ ነው። በጋ ሙሉ በመንገድ ላይ የተከማቸው አቧራ፣ የመኪና ዘይትና ቆሻሻ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ይታጠባል፤ የልብስና የዕቃ እጣቢም በብዙ ቦታ በዚያው ቦይ ይለቀቃል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ ነው የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። በዳርቻው የሚገኘው ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት ማለት ነው፣ ደለሉንና ቆሻሻውን ያጠልል ነበር፤ እርሻና ግንባታ በገፉት መጠን ማጥለያው ይሳሳል። እዚህ ላይ ግን እንዳይጋነን። እ.ኤ.አ. በ2011 የታየውና በተለይ በሰሜናዊና በምሥራቃዊ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በባሕር ዳር አሸንዳ ምክንያት አልመጣም፤ ወደ ሐይቁ ከሚገባው ደለልና ማዳበሪያ ትልቁን ድርሻ የሚያመጡት ከእርሻ የሚነሱት ወንዞች ናቸው። የከተማው ድርሻ ያንሳል፤ ግን የራሱ ነው፤ የሚደርሰውም ሰው ከሚዋኝበትና ዓሣ ከሚጠመድበት ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ነው። ውሃ በዝቅተኛ ሣር ላይ ለሰዓታት ሲተኛ የተሸከመውን ደለል እዚያው ያራግፋል። በቦይ ውስጥ ጥፋት የነበረው መዘግየት በሣሩ ላይ ጥቅም ይሆናል፤ ደለሉ በአካፋ ተነስቶ ለአትክልት ይውላል እንጂ ሐይቅ አይገባም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ የምዝገባው ትርጉም በየሰፈሩ መውጫ ላይ በሚለቀቀው ውሃ ጭምር ይለካል።

ባሕር ዳር ገና በ1950ዎቹ በፕላን መሠራት የጀመረች ከተማ ናት፤ ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው። የዛሬው መስፋፋት ግን በጎዳና ብቻ አይመራም፤ ማኅበራት እየተረከቡ በሚሸነሽኑት ግማሽ ግማሽ ሄክታር እየተጻፈ ነው። በእያንዳንዱ ሽንሻኖ ላይ መንገድ፣ ይዞታና የመብራት ምሰሶ ይሠመራል፤ ውሃው ግን ብዙ ጊዜ በጠርዙ ላይ እንደ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይታያል። የማኅበሩ አባላት ፕላኑ ላይ ከመፈረማቸው በፊት ጣታቸውን ዘርግተው ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ሲዘንብ፣ ያ 75 ሜትር ኩብ በዚህ ወረቀት ላይ የት ነው ያለው? የሚያሳዩት ቦታ ካጡ፣ ውሃው ቦታ አላጣም፤ ከታች ባለው ሰፈር ግቢ ውስጥ ተሥሎለታል።